ሜይንፍሬምን የለመደ እጅ፦ የቤት ኮምፒውተር ኤዲተሮች ከትልቁ ማሽን ምን ወረሱ?

በአይቢኤም 3270 ተርሚናል ፊት የተቀመጠ ፕሮግራመር አሥር መስመር ለማጥፋት ከርሰሩን አሥር ጊዜ አያመላልስም። ከእያንዳንዱ መስመር በስተግራ ስድስት ፊደል የምትይዝ ጠባብ ዓምድ አለች፤ የመስመሩ ቁጥር የሚታየው እዚያ ነው። ፕሮግራመሩ በመጀመሪያው መስመር ቁጥር ላይ «ዲዲ» ብሎ ይጽፋል። ወርዶ በመጨረሻው መስመር ቁጥር ላይም እንዲሁ «ዲዲ» ይላል። እስካሁን ምንም አልሆነም። ኢንተር ሲጫን አሥሩም መስመሮች ባንዴ ይጠፋሉ። «ሲሲ» ቢል ኖሮ ይቀዱለት ነበር፤ «ኤምኤም» ቢል ደግሞ ከነበሩበት ተነሥተው «ኤ» ብሎ ምልክት ካደረገበት መስመር ቀጥለው ይሰፍሩ ነበር።

ይህ አይኤስፒኤፍ የሚባለው ኤዲተር አሠራር ነው። የዚያው ኩባንያ ሌላው ስመ ጥር ኤዲተር ኤክስኤዲት በግራው ዓምድ ላይ ከቁጥር ይልቅ አምስት የእኩል ምልክቶች (=====) ይደረድራል፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሰው ትዕዛዙን በሚመለከተው መስመር ላይ ይጽፋል፣ ደርድሮ ይጨርሳል፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ይልካል።

እንዲህ የሆነው ለጌጥ አይደለም። 3270 የሚባለው የተርሚናል ቤተሰብ በ1971 ሲወጣ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንዱን ማዕከላዊ ማሽን ብዙ ሰው ይጋራው ነበር። አንድ ሰው አንድ ፊደል በነካ ቁጥር ማሽኑ ሥራውን አቋርጦ መልስ ይስጥ ቢባል ሁሉም ሥራ ይጓተታል። ስለዚህ 24 መስመር በ80 ፊደል የሚይዘው ስክሪን እዚያው ተርሚናሉ ዘንድ ይሞላል፣ ይታረማል፣ ይስተካከላል፤ ማሽኑ የሚሰማው ኢንተር ወይም ከተግባር ቁልፎቹ አንዱ ሲጫን ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚላክለት የተለወጠው ክፍል ነው። የግራው ዓምድ የዚህ ቁጠባ ልጅ ነው፦ በአንድ ጉዞ ብዙ ትዕዛዝ ይጫናል።

ከ1977 ጀምሮ አፕል 2፣ ቲአርኤስ-80 እና ኮሞዶር ፔት ገበያ ላይ ዋሉ። ቀን በመሥሪያ ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲው ትልቅ ማሽን ላይ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ኮምፒውተር ሲከፍት እጁ የለመደውን ፈለገ። አዲሱ ማሽን ግን ሌላ ዓለም ነበር። ኋላ በ1982 የመጣው ኮሞዶር 64 እንኳ በአንድ መስመር የሚያሳየው 40 ፊደል ነው፤ ከዚያ ላይ ስድስቱ ለግራው ዓምድ ቢሰጥ ለጽሑፉ የሚተርፈው 34 ብቻ ነው። የመጀመሪያው አፕል 2 ትንንሾቹን የላቲን ፊደላት አያሳይም ነበር። አፕል ፓስካል ደግሞ 80 ፊደል የሚሰፋውን ገጽ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ያሳይና ሌላውን ግማሽ ማየት የፈለገ ኮንትሮልንና «ኤ»ን አብሮ ይጫን ነበር። አንድ ረጅም መስመር ለማንበብ ስክሪኑን ወዲህና ወዲያ መገልበጥ ማለት ነው። በሌላ በኩል የቤት ኮምፒውተር ባለቤት ማሽኑን ከማንም ጋር አይጋራም። ፊደል በተነካ ቁጥር ማሽኑ ቢቀሰቀስ የሚጎዳ ሌላ ሰው የለም። ያጠረው የስክሪን ስፋት፣ ሚሞሪና የዲስክ ፍጥነት ነው።

በዚያ ዘመን ለትንንሽ ማሽኖች የተጻፉትን ኤዲተሮች በአንድነት ሲቃኙ የሚለያያቸው ነገር እዚህ ላይ ጎልቶ ይወጣል። አንዳንዶቹ የትልቁን ማሽን መልክ ቀዱ። አንዳንዶቹ ደግሞ ያ መልክ ከየትኛው ችግር እንደተወለደ ገብቷቸው፣ ችግሩ በሌለበት መልኩን ትተው ጥቅሙን አስቀሩ።

መልኩን ከቀዱት መካከል ብዙ ሰው ያሠቃየው ሲፒ/ኤም ከተባለው የትንንሽ ማሽኖች ሥርዓት ጋር የሚመጣው ኤዲተር ሳይሆን አይቀርም። ስሙ «ኢዲ» ነው። ጋሪ ኪልዳል በ1974 ሲፒ/ኤምን ሲጽፍ ልማዱ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ማሽኖች ልማድ ነበር፤ ፋይል የሚቀዳው ፕሮግራም «ፒፕ» የሚለውን ስም እንኳ ያገኘው ከእነሱ ነው። ኤዲተሩም የቴኮ ዘመድ ነው። ቴኮን ዳን መርፊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኤምአይቲ ሲጽፈው ያሰበው በወረቀት ጥብጣብ ላይ የተበሳ ጽሑፍ ለማረም ነው። ጽሑፉ የሚታየው በስክሪን ሳይሆን በሐሳብ ነው።

የሲፒ/ኤም ተጠቃሚ ታዲያ ከ«ኢዲ» ጋር እንዴት ይሠራ ነበር? ፋይሉን ሲከፍት የሚያየው አንድ ኮከብ ምልክት ብቻ ነው። ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ነው፤ «#» እና «ኤ» ብሎ ካላዘዘ ወደ ሚሞሪ አይገባም። «ቢ» ብሎ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። አንድ ቃል ለመለወጥ «ኤስ» ይጽፍና አሮጌውን ቃል ያስከትላል፣ ኮንትሮልንና «ዜድ»ን ይጫናል፣ አዲሱን ቃል ይጽፋል። ቃሉ ተለወጠ፤ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም። መለወጡን ለማረጋገጥ «ቲ» ብሎ መስመሩ እንዲታተምለት ማዘዝ አለበት። ፊት ለፊቱ ሙሉ ስክሪን እያለ፣ ስክሪኑ ወረቀት እንደሚያትም ማሽን ከላይ ወደ ታች ይሮጣል።

ሆኖም ለ«ኢዲ» መናገር ያለበት ነገር አለ። ፋይሉን በጥቂት በጥቂቱ እያስገባ፣ የታረመውን በ«ደብሊው» እያስወጣ መሥራቱ ከሚሞሪው የሚበልጥ ፋይል ለማረም አስችሎታል። ሚሞሪው ከ64 ኪሎባይት በማይበልጥበት፣ ብዙውን ጊዜም ከዚያ በታች በነበረበት ማሽን ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከጥብጣቡ ዘመን የተወረሰው ይህ ክፍል ተገቢ ውርስ ነበር፤ ዓይንን መሸፈኑ ግን አልነበረም። በ1978 ወርድስታር ጽሑፉን ስክሪኑ ላይ ዘርግቶ ሲመጣ ሕዝቡ ወደዚያ የጎረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቲም ፓተርሰን በ1980 ለጊዜው ይሁን ብሎ በሁለት ሳምንት የጻፈው ኤድሊንም የዚሁ የመስመር ኤዲተር ወገን ነው። ከአይቢኤም ፒሲ ጋር በ1981 ወጥቶ፣ ሙሉ ስክሪን የሚጠቀመው ኤዲተር በኤምኤስ-ዶስ 5 እስኪመጣ ድረስ አሥር ዓመት ቆየ።

አሚጋም ይህን ውርስ ተሸክሟል። በ1985 የወጣው ይህ ማሽን መስኮት፣ ማውስና ብዙ ፕሮግራም ባንድ ጊዜ የማስኬድ ችሎታ ነበረው። ከሥሩ የነበረው አሚጋዶስ ግን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ሪቻርድስ ከመሠረተው ትራይፖስ የተወሰደ ስለሆነ ኤዲተሮቹም አብረው መጡ። «ኢዲ» የሚባለው ስክሪን ይጠቀማል። «ኤዲት» የሚባለው ግን በፋይሉ ውስጥ ወደ ፊት የሚጓዝ የመስመር ኤዲተር ነው፤ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችለው በሚሞሪ እስከቀሩት የተወሰኑ መስመሮች ድረስ ነው። የአሚጋን ቀለማት አይቶ የገዛ ወጣት መመሪያውን ገልጦ ይህን ሲያገኝ መደንገጡ አይቀርም። ደርዘን ፋይሎችን በአንድ የትዕዛዝ ዝርዝር ለማረም የፈለገ ሰው ግን ከ«ኤዲት» የተሻለ መሣሪያ ከማሽኑ ጋር አልተሰጠውም።

ከዚህ ሁሉ ዓላማውን አጥርቶ የተነሣው በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋተርሉ በ1960ዎቹ ዋትፎር በሚባለው የፎርትራን ኮምፓይለሩ የታወቀ፣ በሜይንፍሬም ላይ ተማሪ በማስተማር የተካነ ተቋም ነው። በ1981 ከኮሞዶር ጋር ሆኖ ሱፐርፔትን አወጣ፦ ከተለመደው 6502 ፕሮሰሰር ሌላ 6809 የተጨመረበት፣ 96 ኪሎባይት ሚሞሪ ያለው፣ ስክሪኑ 80 ፊደል የሚሰፋ። ቤዚክ፣ ፓስካል፣ ፎርትራን፣ ኮቦልና ኤፒኤል አብረውት ይመጡ ነበር፤ የዋተርሉ ማይክሮኤዲተርም እንዲሁ። ተማሪው ፕሮግራሙን በትንሹ ማሽን ጽፎ፣ ሞክሮ፣ ሲፈልግ በገመድ ወደ ሜይንፍሬሙ እንዲልከው ታስቦ ነው። እዚህ ላይ መምሰል ራሱ ሥራ ነበረው፦ በትንሹ ማሽን የተማረው እጅ ትልቁ ማሽን ላይ እንግዳ እንዳይሆን።

አይቢኤም ፒሲ ሲስፋፋ ጉዳዩ መልኩን ለወጠ። በባንክ፣ በኢንሹራንስና በመንግሥት መሥሪያ ቤት አይኤስፒኤፍን የለመዱ ብዙ ፕሮግራመሮች ጠረጴዛቸው ላይ ፒሲ ተቀመጠላቸው። ኮማንድ ቴክኖሎጂ የተባለ ኩባንያ ኤስፒኤፍ/ፒሲን ሸጠላቸው። ማንስፊልድ ሶፍትዌር ግሩፕ ደግሞ በ1983 ኬዲትን አወጣ፤ የዚህኛው አርአያ በ1980 በዛቪየ ደ ላምበርትሪ እጅ የተጻፈው ኤክስኤዲት ነው።

እነዚህ ኤዲተሮች መጀመሪያ የተፈተኑት በኪቦርዱ ነው። በ3270 ላይ 12 ወይም 24 የተግባር ቁልፎች ነበሩ። ሰባተኛው ገጹን ወደ ኋላ፣ ስምንተኛው ወደ ፊት ይወስዳል፤ ሦስተኛው ያወጣል። ይህን እጅ ሳያስብ ነው የሚያደርገው። የመጀመሪያው ፒሲ ግን አሥር የተግባር ቁልፎች ብቻ ነበሩት፤ እነሱም በስተግራ በሁለት ተርታ የተደረደሩ እንጂ በላይ በኩል የተዘረጉ አልነበሩም። አሥራ ሁለቱ ቁልፎች በላይ ተርታ ተዘርግተው የመጡት ከ1986ቱ ኪቦርድ ጋር ነው። ኢንተር ራሱ ጥያቄ ሆነ። በተርሚናሉ ኢንተር «ላክ» ማለት ነው፤ በፒሲ ግን ሰው «አዲስ መስመር» እንዲሆንለት ይጠብቃል።

አይቢኤም ራሱ ከማስመሰል አልፎ ዋናውን ወደ ጠረጴዛ ለማምጣት ሞከረ። በ1983 የወጣው ኤክስቲ/370 የሜይንፍሬሙን ትዕዛዞች የሚፈጽም ካርድ የተሰካበት ፒሲ ነው፤ ውስጡ ሁለት 68000 ፕሮሰሰሮችና የተሻሻለ 8087 ነበሩ። በእሱ ላይ ሲኤምኤስ የተባለው የሜይንፍሬም ሥርዓት ይሠራል፣ ኤክስኤዲትም አብሮ። ካርዱ ላይ የነበረው ሚሞሪ ግን 512 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ያልበቃው ሁሉ ወደ ዘገምተኛው ዲስክ እየተመላለሰ ሥራው ይንቀራፈፍ ነበር። አንድ ፋይል ለማረም የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ መሸከም አላስፈለገውም። ኬዲት በተራ ፒሲ ላይ እጁ የሚያውቀውን ሰጠው፤ ፊደሉ እንደተነካ እየታየ፣ የግራው ዓምድና የትዕዛዙ መስመር እንዳሉ ሆነው።

ከእነዚህ ኤዲተሮች ውርስ ሁሉ እጅግ ዋጋ ያለው ግን የግራው ዓምድ አይደለም። «ኦል» የሚባለው ትዕዛዝ ነው። አንድ ሺህ መስመር ያለው የደመወዝ ፕሮግራም አለ እንበል፤ «ግብር» የሚለው ስም የት የት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤክስኤዲት ወይም የኬዲት ተጠቃሚ በትዕዛዙ መስመር ላይ «ኦል» ብሎ ቃሉን በሁለት ሰረዞች መካከል ይጽፋል። ባንዴ ስሙ ያለባቸው መስመሮች ብቻ ስክሪኑ ላይ ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ይደበቃሉ፣ በየመካከሉ ስንት መስመር እንደተደበቀ የሚናገር ምልክት ይቀመጣል። ተጠቃሚው የቀሩትን መስመሮች ጎን ለጎን ያያቸዋል። አንደኛው ላይ ስሙ ተሳስቶ ከተጻፈ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። እዚያው ያርማል፤ «ኦል» ብቻውን ሲጻፍ የተደበቀው ሁሉ ይመለሳል። በአይኤስፒኤፍ ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም ይደበቃል፣ የሚፈለገው ይፈለጋል፣ ከዚያ «የተደበቁትን ሁሉ አጥፋ» ወይም «ያልተደበቁትን ሁሉ አጥፋ» ይባላል። ከአንድ ትልቅ የስህተት መዝገብ ውስጥ የሚጠቅሙትን መስመሮች ብቻ ማስቀረት የሦስት ትዕዛዝ ሥራ ነው።

ይህ ከወርድስታር ወገን ኤዲተሮች የተለየ አስተሳሰብ ነው። ለእነሱ ፋይል ወረቀት ነው፤ ሰው ከላይ ወደ ታች ይጓዝበታል። ለሜይንፍሬም ኤዲተር ፋይል እንደ ካርድ ክምር ነው፦ ይመረጣል፣ ይለያል፣ የተመረጠው ለብቻው ይሠራበታል። አመጣጡም ከእውነተኛ ካርድ ነው፤ 80 ፊደል የሚለውም ስፋት ከተበሳው ካርድ የተወረሰ ነው። ሐሳቡ ግን ካርዱ ከጠፋ በኋላም ሥራውን አላቆመም፤ ብዙ ኤዲተሮች ይህን የመሰለ ቀላል ነገር አለመያዛቸው ያሳዝናል። የኬዲት ተጠቃሚዎች ለኤዲተራቸው ለረጅም ዓመታት ታማኝ ሆነው የቆዩት በዚህ ምክንያት ቢሆን አይገርምም።

ሌላው የቤተሰብ መስመር ከኤምአይቲ የሚመዘዝ ነው። ኢማክስ በ1976 በፒዲፒ-10 ላይ የተጀመረው በዚያው በቴኮ ትዕዛዞች ተገንብቶ ነው። ማርክ ኦቭ ዘ ዩኒኮርን፣ ኋላ በሙዚቃ ሶፍትዌር የታወቀው ኩባንያ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሲፒ/ኤም ሚንስን አወጣ። የስሙ ፍቺ «ሚንስ ሙሉ ኢማክስ አይደለም» ማለት ነው፤ ልክ ነበር። ኢማክስን ኢማክስ ያሰኘው፣ ተጠቃሚው እየሠራ ሳለ ኤዲተሩን የሚያሰፋበት ቋንቋ በ64 ኪሎባይት አይገባም። ሚንስ ትዕዛዞቹን፣ የተከፈለ ስክሪኑንና ብዙ ፋይል ባንድ ጊዜ የመያዝ ልማዱን አስቀርቶ፣ ሚሞሪ ያልበቃውን ጽሑፍ በዲስክ ላይ በሚጠብቀው ፋይል ይለዋውጥ ነበር። ዴቭ ኮንሮይ በ1985 የጻፈው ማይክሮኢማክስ ደግሞ በዳንኤል ሎውረንስ እጅ ማክሮ ቋንቋ ተጨምሮለት በፒሲ፣ በአታሪ ኤስቲና በአሚጋ ተዳረሰ። ሊነስ ቶርቫልድስ የዚሁን ዝርያ ለዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል።

በዚህ መስመር ላይ የአማርኛ አንባቢን የሚነካ ነገር አለ። ኢማክስ በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ በተሠራው የብዙ ቋንቋ ማስፋፊያው በኩል የግዕዝን ፊደል ተቀብሏል። ሴራ በሚባለው ሥርዓት ድምፁ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስክሪኑ ላይ ፊደሉ ይወጣል። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው በ1999 ነው፤ ኢማክስ ቀድሞታል። ይህን ማድረግ የቻለው ሚንስ ለመተው በተገደደው ነገር፣ ማለትም ከውስጥ ሊሰፋ በሚችልበት ቋንቋ ነው።

ቪአይ የተባለው ኤዲተር ደግሞ የሜይንፍሬም ልጅ አይደለም፤ በአነስተኛ ባለ ብዙ ተጠቃሚ ማሽኖች ላይ የተወለደ ነው። ችግሩ ግን ተመሳሳይ ነበር። ቢል ጆይ በ1976 አካባቢ በበርክሌይ ሲጽፈው ከቤቱ በ300 ባውድ ሞደም ይሠራ ነበር። ይህ በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ነው፤ 24 በ80 የሆነ ስክሪን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ጥቂት ፊደል ብዙ ሥራ መሥራት ነበረበት፦ «ዲዲ» አንድ መስመር፣ ከፊቱ አሥር ቢጻፍ አሥር መስመር ያጠፋል። የተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ የተባለው ተርሚናል ቀስቶች የታተሙት በ«ኤች»፣ «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» ቁልፎች ላይ ነው፤ እስኬፕ ደግሞ ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ነበር። የዛሬ ተጠቃሚዎች እስኬፕ ሩቅ ነው ብለው ሲያማርሩ የሚናፍቁት ያን ኪቦርድ ነው።

በ1987 ቲም ቶምፕሰን ለአታሪ ኤስቲ ስቲቪን ጻፈ፤ ስሙ «ለቪአይ ወዳጆች የኤስቲ ኤዲተር» ለሚለው ምህጻር ነው። ወደ አሚጋም ተሻገረ። ብራም ሙለናር አሚጋ ገዝቶ ቪአይ ስላጣ በ1988 ያንን አንሥቶ ማሻሻል ጀመረ፤ በ1991 ቪም ተብሎ በፍሬድ ፊሽ ተከታታይ ዲስኮች 591ኛው ላይ ለሕዝብ ወጣ። ቪም ያን ጊዜ «የቪአይ አምሳያ» ለሚለው ምህጻር ነበር፤ ኋላ «የተሻሻለ ቪአይ» ተባለ። ሙለናር በ2023 እስኪያርፍ ድረስ ሠራበት። የወደደው ተጠቃሚ በኡጋንዳ ኪባሌ ላሉ ልጆች እንዲረዳ ይጠይቅ ስለነበር፣ ቪም ባዶውን ሲከፈት የሚታየው ጥሪ እስከ ዛሬ የእነሱ ነው።

የሜይንፍሬሙ ኤዲተር ከጎኑ ያመጣው አንድ ጓደኛም አለ፦ ሬክስ። ማይክ ካውሊሾ በ1979 በአይቢኤም የጀመረው ይህ ቋንቋ የኤክስኤዲት ማክሮዎች የሚጻፉበት ሆነ። ሰው ኤዲተሩ ያልያዘውን ትዕዛዝ ራሱ ጽፎ ይጨምራል። በ1987 ዊሊያም ሃውስ ኤሬክስ የተባለውን የሬክስ ዝርያ ለአሚጋ አወጣ፤ ኮሞዶር በ1990 ከሁለተኛው የአሚጋ ሥርዓት ጋር አካተተው። አሚጋ ብዙ ፕሮግራም ባንድ ጊዜ ስለሚያስኬድ ኤሬክስ ከሜይንፍሬሙ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ቲኤክስኢዲ ፕላስ ወይም ሲግነስኢዲ በተባሉት ኤዲተሮች ውስጥ የተጻፈ ማክሮ ከሌላ ፕሮግራም ጋር ይነጋገራል፤ ጽሑፉን ለኮምፓይለሩ ሰጥቶ፣ ስህተት የተገኘበትን መስመር ተቀብሎ፣ ከርሰሩን እዚያ ያሳርፋል።

አውስትራሊያዊው ማርክ ሄስሊንግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ኤዲተር የኤክስኤዲትንና የኬዲትን ትዕዛዞች አጣምሮ በነጻ የሚታደል ነው። ስሙ በአጭሩ «ዘ» ሲባል ሲዘረዘር «የሄስሊንግ ኤዲተር» ነው። ሄስሊንግ ሬጂና የተባለውን የሬክስ አስተርጓሚ ያንከባክባል፤ «ዘ» በዶስ ላይ ስክሪኑን የሚስልበት ፒዲከርሰስ የተባለ ቤተ መጻሕፍትም በእሱ እጅ ለዓመታት ቆይቷል። በሜይንፍሬም ላይ አንድ የኤክስኤዲት ማክሮ «ኤክስትራክት /ላይን/» ብሎ ሲጠይቅ አሁን ያለበት የመስመር ቁጥር በተለዋዋጭ ውስጥ ተቀምጦ ይሰጠዋል። በ«ዘ» ውስጥም ጥያቄው በዚያው አጻጻፍ ይቀርባል፣ መልሱም በዚያው ስም ይመጣል፤ ስለዚህ በ1980ዎቹ ለሲኤምኤስ የተጻፈ ማክሮ ጥቂት ተነካክቶ በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።